የተጣለ ፈረስ በማደጎ ከተወሰደ በኋላ
(ከደባርቅ እስከ አምቢኮ ካለው ኑሮ ጋር ተዛምዶ የቀረበ ጥናት)

ስለ ፈረስ ሲነሣ ያገራችን ሰው አስቀድሞ የሚያወራው ክብሩን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸው ሁሉ በፈረሶቻቸው ስም ነው። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ በጫኑ ጊዜ ስሜንን ያለ ፈረስና ያለ በቅሎ ማሰብ የሚቻል አልነበረም፤ በብዙው ቀበሌ ዛሬም አይቻልም። ነገር ግን ያ የተወደሰው ፈረስ ጀርባው ከተገጠበ፥ እግሩ ካነከሰና ጥርሱ ካለቀ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚያወራ ሰው የለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያን የማይወራለትን ፈረስ፥ ይልቁንም አንድ ሰው አዝኖለት ወደ በረቱ ካስገባው በኋላ የሚጀመረውን ኑሮ ነው። ማንሣቱ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ማኖሩ ግን የዓመታት ነው።

በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ እንዳለ ይገመታል። ከዚህ ውስጥ ብዙው ባላገር ቤት ያለው የእርሻና የጭነት ፈረስ ሲሆን የቀረው በከተማ ጋሪ ይጎትታል። ጋሪ ጎታቹ ዕድሜው አጭር ነው። በጎንደር፥ በባሕር ዳር፥ በቢሾፍቱ መንገድ ዳር አጥንቱ የወጣ ፈረስ ቆሞ ማየት ለማናችንም አዲስ ነገር አይደለም። ባለ ጋሪው ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው። ሥጋው አይበላም፤ ፈረስን መግደል ደግሞ በሕዝባችን ዘንድ ነውርም ኀጢአትም ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «ለቀቅሁት» ይላል። መልቀቅ ማለት ግን ጅብ እስኪያገኘው ድረስ ውሎ እንዲያድር መተው ነው። ባጃጅ ከተማውን ሁሉ ከሞላው ወዲህ ደግሞ ብዙ የጋሪ ፈረስ ሥራውን አጥቷል። በስሜን በኩልም በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፥ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ተራራውን ለመጐብኘት የሚመጣውን እንግዳ ባስቀረው ጊዜ፥ ሻንጣ ተሸክሞ ድርቆሹን ያገኝ የነበረው ከብት ድንገት ባዶ አፍ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ድርጅት አለው። ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ካይሮ ስትደርስ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ የእንግሊዝ ጦር ፈረሶች ለግብጻውያን ተሸጠው በእርጅናቸው ድንጋይና ሸክም ሲጎትቱ አገኘቻቸው። በ1931 ለአንድ የለንደን ጋዜጣ በጻፈችው ደብዳቤ ገንዘብ አሰባስባ በሦስት ዓመት ውስጥ 5000 ያህል ፈረስ ገዛች፤ በ1934 ደግሞ ሆስፒታል አቆመች። ልብ ማለት የሚገባን ግን ከገዛቻቸው ውስጥ አብዛኞቹን ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ማድረጓን ነው። ወደዚህ ነገር በመጨረሻው እመለሳለሁ። በእንግሊዝ አገር ዛሬ ፈረስ በማደጎ የሚወስድ ሰው ውል ይፈርማል፥ መርማሪ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። በእኛ ዘንድ የማደጎ ውሉ አንድ ለኮ ነው። ለኮውን የያዘው ሰው ሐኪሙም፥ መርማሪውም፥ መጋቢውም እርሱ ብቻ ነው። በቢሾፍቱ በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አካባቢ ለጋማ ከብት የሚረዱ የውጭ ማኅበራት ሠርተዋል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ይሰጣል። አምቢኮ ግን ከሁለቱም ሩቅ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አጎቴ ያነሡትን ፈረስ ልጥቀስ። አጎቴ የሚኖሩት አምቢኮ፥ ከመሸሃ ወንዝ በላይ፥ ወደ ራስ ዳሽን የሚወጣ እንግዳ ሁሉ በሚያድርበት መንደር ነው። በ2014 ዓ.ም. ከደባርቅ ገበያ ሲመለሱ አስፋልቱ ዳር አንድ ዳማ ሰንጋ ፈረስ ቆሞ አገኙ። በደረቱ ላይ ያለው ጠባሳ የጋሪ ፈረስ እንደነበረ፥ በጀርባው ላይ ያለው ገጣባ ደግሞ በኋላ እህል እንደ ጫኑበት ይናገር ነበር። ባለቤቱ ነኝ የሚል አልተገኘም። አጎቴ ሊወስዱት ቈረጡ፤ ነገር ግን ያን ዕለት ወደ አምቢኮ አላወጡትም፤ ደባርቅ ካለ ዘመድ ግቢ ሁለት ወር አቆዩት። ይህ ውሳኔ ነፍሱን አዳነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከደባርቅ በፓርኩ መንገድ አምቢኮ ለመድረስ ሳንቃ በርን፥ ጨነቅን አልፎ ከ4000 ሜትር በላይ በሆነው በቧሂት በኩል መሻገር፥ ከዚያ እስከ መሸሃ ቁልቁል መውረድ፥ እንደ ገና መውጣት ያስፈልጋል። የተራበ ፈረስ ይህን መንገድ ቢጀምረው አይጨርሰውም።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ምግብ ነው፤ ከሁሉም በላይ ስሕተት የሚበዛበትም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እናገራለሁ። ደግ ሰው የተራበ ፈረስ ሲያይ ገብስ በቁና ያቀርባል። ብዙ የዳነ መስሎ የነበረ ፈረስ የሚሞተው በዚህ ደግነት ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ገላ የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ይኖራል፤ በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፎረስ፥ ማግኒዚየምና ፖታሲየም የተባሉት ማዕድናትም ተሟጠዋል። እህል ድንገት ሲገባ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩን ለማስገባት ኢንሱሊን ይመነጫል፤ ኢንሱሊኑም ስኳሩን ወደ ሕዋሳት ሲያስገባ እነዚያን ጥቂት የቀሩ ማዕድናት አብሮ ጎትቶ ያስገባቸዋል። ደሙ ባዶ ይቀራል። ልብና ሳንባ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ይህም የሚሆነው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ሰውየው «አሁንስ ተረፈ» ብሎ ሲደሰት፥ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ በተደረገ ምርምር ለተራቡ ፈረሶች የተሻለ ሆኖ የተገኘው አልፋልፋ በጥቂት በጥቂቱ፥ በየአራት ሰዓቱ መስጠት ነው። ስታርቹ ጥቂት፥ ፕሮቲኑና ማዕድኑ ግን ብዙ ስለሆነ ነው። ደባርቅ ላይ አልፋልፋ ፈልጎ ማግኘት ችግር ነው፤ ማገጥ የተቀላቀለበት ጥሩ ድርቆሽ ግን አይጠፋም። አጎቴም ያገኙት እርሱን ነው። አንድ እቅፍ ድርቆሽ፥ ከአራት ሰዓት በኋላ ሌላ እቅፍ፤ ሌሊትም ጭምር። የዘመዳችን ልጆች ተራ ገብተው ይነሡ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ መጠኑ ጨመረ፤ ገብስ የቀመሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም በእፍኝ።

ጭድን በሚመለከት፥ የጤፍ ጭድ ከገብስ ጭድ ይሻላል፤ ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ደረቅ ጭድ ብቻ በልቶ ውሃ ካነሰው ሆዱ ውስጥ ይጠቀጠቅና ቁርጠት ይይዘዋል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ የማይችል ፍጥረት ነው፤ የገባው በመጣበት አይወጣም። ፉርሽካ አዘውትሮ መስጠት አጥንት ያበላሻል፤ ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ በጣም ስለሚበልጥ ነው። ጓያን ፈጽሞ አትስጡ። በሰው ላይ እግር እንደሚያሽመደምድ ሁላችን እናውቃለን፤ ፈረስ በዚህ በኩል ከከብት ሁሉ ይልቅ ደካማ ነው፤ የኋላ እግሩን ይይዘዋል፥ የጉሮሮውንም ጅማት ሽባ እያደረገ እስትንፋሱን ያሳጥረዋል። ጨው ግን አይለየው።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ አልቅት። በደጋው ምንጭና ኩሬ አልቅት ሞልቷል። የማደጎ ፈረስ ከአፉ ደም ከታየ ወይም ምራቁ ከበዛ፥ መንጋጋውን አስከፍቶ ምላሱ ሥር መመልከት ነው። እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ ጨው ነክሮ መንቀል ይቻላል። ወራጅ ውሃ ወይም በባልዲ የተቀዳ ንጹሕ ውሃ ማጠጣት ይመረጣል።

ሁለተኛው ነገር ለጎረቤት ከብት መጠንቀቅ ነው። ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር የመጣ የጋሪ ፈረስ በእግሩ፥ በደረቱና በአንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው የሚያብጡ፥ ኋላም ፈንድተው መግል የሚያወጡ ቋጠሮዎች ሊኖሩት ይችላሉ። ይህ በፈንገስ የሚመጣ፥ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባል በሽታ ነው። በአገራችን በብዙ ሺህ የጋሪ ፈረሶች ላይ በተደረገ ጥናት ከአምስቱ አንዱ ያህል ታሞ ተገኝቷል። በሽታው የሚበረታው ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ባለው ሞቃትና እርጥብ አገር ስለሆነ ደጋው እስካሁን ተርፏል። ሆኖም በቁስል፥ በዝንብና በጋራ ኮርቻ ይተላለፋል። ስለዚህ አዲሱ ፈረስ ቢያንስ አንድ ወር፥ ቢቻል ሁለት፥ ለብቻው ይቁም፤ ግላሱና ልጓሙም ለብቻው ይሁን። አጎቴ ደባርቅ ያቆዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አምቢኮ ላይ በአንዲት በቅሎ የሚተዳደር ብዙ ቤተ ሰብ አለና።

ክትባት ማስከተብም ያስፈልጋል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው፥ ክረምቱ ሲወጣ በጥቃቅን ተናዳፊ ዝንቦች የሚተላለፈው፥ በብርቱ ሲይዝ ከአሥር ፈረስ ዘጠኙን ይገድላል፤ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ማበጥና ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ምልክቶቹ ናቸው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይሠራል። መንጋጋ ቆልፍም ፈረስን ከሁሉ እንስሳ አብልጦ የሚያጠቃ ነው፤ ሰኮናውን ሚስማር የወጋው የጋሪ ፈረስ ሁሉ ይጠረጠራል።

የጀርባውን ገጣባ በተመለከተ የባላገሩን መድኃኒት ሁሉ አልነቅፍም፤ ግን በጋለ ብረት መተኮስና የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ይቅር። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አጥቦ ዝንብ መከላከል፥ ከሁሉም በላይ ቁስሉ ድኖ ጸጉር እስኪያበቅል ኮርቻ አለመጫን ነው ሕክምናው። የሚበቅለው ጸጉር ብዙ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ሰኮናው ደግሞ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ስለዚህ አስፋልት ያበላሸው ሰኮና ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ጥርሱ ውስጥ ሹል የሆነውን በሞረድ የሚያስተካክል ሐኪም ቢገኝ ትልቅ ዕድል ነው፤ ግማሽ የታኘከ ድርቆሽ እየጠቀለለ ከአፉ የሚጥል ፈረስ ይህን ይሻል።

አሁን ወደማይታየው ቁስል ልሸጋገር። የአጎቴ ፈረስ ሥጋ ካወጣ በኋላም ቢሆን ጅራፍ ቀርቶ ረዘም ያለ ነገር የያዘ ሰው ሲያይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ዣንጥላ ይዞ ሲመጣ ከነለኮው አጥሩን ጥሶ ሄደ። ፈረስ በተፈጥሮው ሸሽቶ የሚድን እንስሳ ነው፤ ዓይኖቹ ከጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ በስተኋላውና ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ጥቂት ቦታ ብቻ አያይም። የጋሪ ፈረስ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ዓይኑ ተከልሎ፥ መቺውን ሳያይ ተመትቷል። ስለዚህ ከኋላው መቅረብ የለብንም፤ በትከሻው በኩል፥ እያናገርነው እንቅረብ። ሳይነኩት አጠገቡ ተቀምጦ መዋል ራሱ ሥራ ነው። ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት አንገትና ጀርባ የሚገናኙበት ጉብታ ላይ ነው፤ ያን ቦታ በጣት ማከክ የልቡን ምት ዝግ እንደሚያደርግ በምርምር ታውቋል። ያደገ ፈረስ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ይህን በመንጋጋው ሥር በጣት ቆጥሮ ፍርሃቱ እንደቀነሰ ወይም እንዳልቀነሰ ማወቅ ይቻላል። ከእኛ መካከል ሰዓት ያሰረ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል።

ደግሞም ብቻውን አይኑር። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል እንጂ ሙሉ እንቅልፍ ለመተኛት መጋደም አለበት፤ የሚጋደመው ደግሞ ሌላ የሚጠብቅለት ሲኖር ነው። ዳማው ደባርቅ በነበረበት ሁለት ወር አንድ ሌሊት እንኳ ሲጋደም አልታየም። አምቢኮ ደርሶ ከአጎቴ በቅሎ ጋር በረት በገባ በዘጠነኛው ሌሊት ተጋደመ። አጎቴ ሞቷል ብለው ፋኖስ ይዘው ሮጡ፤ ፈረሱ ተነሥቶ አፈጠጠባቸው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ የአጎቴ ባለቤት በመጀመሪያው ሳምንት አንሥተውታል። «ኧረ አንቱ ሰው፥ ይህ የሰው ፈረስ የልጆቹን ገብስ ሊበላ ነው?» አሉ። ሒሳቡን እናስላ። ያገራችን የደጋ ፈረስ 220 ኪሎ ያህል ቢመዝን፥ በቀን የክብደቱን ሁለት በመቶ፥ ማለት 4.4 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ በዓመት 16 ኩንታል መሆኑ ነው። ይህ ከየት ይመጣል? ግጦሹ እንደ ድሮው አይደለም። የስሜን ፓርክ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ተቋቁሞ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ በ2017 ነው የወጣው። ካስገቡት ምክንያቶች አንዱ የከብት ግጦሽ መብዛት ነበር። የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሰፍረዋል። እንግዲህ ሰው ከርስቱ በተነሣበት ተራራ ላይ የማይሠራ ፈረስ ማሰማራት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሣሩ የዋልያም የጭላዳም ነውና። በጎ አድራጊ ነኝ የሚል የከተማ ሰው ይህን ሳያስብ ባላገሩን «ለምን ጣልኸው?» ብሎ ቢቈጣ አልቀበለውም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለእኛ አገር የሚስማማው ማደጎ ፈረሱ ጥቂት የሚሠራበት ማደጎ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደሚደረገው በሜዳ ላይ ለጌጥ የሚቆም ፈረስ አምቢኮ ላይ አንድ ክረምት አይቆይም። የአጎቴ ፈረስ ከአሥር ወር በኋላ ገብስ ወደ ወፍጮ መውሰድ ጀመረ። እዚህ ላይ ልኩን ማወቅ ነው። የፈረስ ጭነት ኮርቻው ጭምር ተደምሮ ከክብደቱ ሃያ በመቶ ባይበልጥ ይመከራል፤ በ220 ኪሎ ፈረስ ይህ 44 ኪሎ ነው፤ ጐልማሳ ሰው እንኳ ከዚህ በላይ ይመዝናል። በአገራችን ልማድ በዚህ የሚስቅ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጀርባው አንድ ጊዜ የተገጠበ ፈረስ ላይ ሳቁ ቶሎ ያልቃል። ከጭነቱም በታች መደላድሉ አከርካሪውን እንዳይነካ፥ ክብደቱ በሁለቱ ጎን እንዲከፈል ማድረግ ያሻል። ባለፈው ዓመት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የወረደችው በዚሁ ፈረስ ነው። ያን ቀን ስለ ሃያ በመቶ የሚከራከር ሰው እኔ አይደለሁም። የአጎቴ ባለቤትም ከዚያ ወዲህ ስለ ገብሱ አላነሡም፤ ፋንድያውንም ለጎመን መደባቸው እርሳቸው ናቸው የሚያዝዙበት።

የቀረው ስለ መጨረሻው ነው። የፈረስ ዕድሜ እስከ ስምንት ዓመት ድረስ ከፊት ጥርሱ በደኅና ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ግምት ነው። በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ የሚታየው መስመር በአሥር ዓመት ገደማ ብቅ ብሎ በሃያ ዓመት ጫፍ ይደርሳል ይባላል። የዳማው መስመር ከግማሽ አልፏል። እንግዲህ አንድ ክረምት ይመጣል፤ የሚያኝክበት ያጣል፥ ወይም ወድቆ አይነሣም። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? ዶሮቲ ብሩክ ለብዙዎቹ የመረጠችው ያለ ሥቃይ ሞትን ነበር። በእኛ ዘንድ ይህ ከባድ ነው፤ አጎቴም «ነፍስ አላጠፋም» ብለዋል፤ ከቄሱ ጋርም ተነጋግረውበታል፥ አልተቋጨም። እኔ የማምነው ግን ጅብ በቁሙ ከሚበላው፥ ሐኪም በመርፌ ወይም አዋቂ ሰው በጥይት ቢያሳርፈው እንደሚሻል ነው። ፈረስ የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ፥ ፈረሱ ጤነኛ ሳለ ከቤተ ሰቡ ጋር ቢነጋገርበት ይበጃል፤ በወደቀ ፈረስ አጠገብ ቆሞ የሚደረግ ክርክር ለማንም አይጠቅምም።

መርፌ ከተመረጠም አንድ ጥንቃቄ አለ። ለማሳረፍ የሚሰጠው ባርቢቹሬት የተባለው መድኃኒት በሬሳው ውስጥ ሳይፈርስ ይቆያል፤ ያን ሥጋ የበላ አሞራ፥ ጅብ ወይም ውሻ ይሞታል። አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው አሞራና ቀይ ቀበሮ ባሉበት በስሜን ተራራ ሬሳውን ሜዳ ላይ መተው አንዱን አዝኖ ሌላውን መግደል ይሆናል። ጉድጓዱ ከምንጭ ርቆ፥ ጅብ ቈፍሮ እንዳያወጣው ጠልቆ፥ ድንጋይም ተጭኖበት መሆን አለበት። በአምቢኮ አፈሩ ስስ፥ ከሥሩም ዐለት ስለሆነ ቦታውን መምረጥና መቈፈር መሬቱ ከመርጠቡ በፊት፥ በበጋ የሚሠራ ሥራ ነው።